ካፒቴን ከድጃ ምንይሉ የማትገባበት መጪ ዘመን

ሸሪፋ ዳምጤ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ጨርቅ ስትመረምር ኖራለች። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከሥሩ መብራት የሚበራበት ዘንበል ያለ መስታወት አለ፤ በመስታወቱ ላይ ጨርቁ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ እሷ ፊት ለፊቱ ቆማ ታያለች። የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ ወይም የሳሳ ቦታ ስታገኝ ማሽኑን አቁማ በጠመኔ ታከብበታለች። በመጨረሻ እንከኑ ተቆጥሮ ጥቅሉ ላይ «አንደኛ ደረጃ» ወይም «ሁለተኛ ደረጃ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። በቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነው።

«እዚያ ቆመሽ ስትውዪ ምን ታስቢያለሽ?» ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ።

«ስለ ሰማይ ነዋ ጋሼ» አለችኝ፣ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ሳለ እኔ ብቻ የጠፋኝ ይመስል። «ስለ ጨርቅማ ካሰብኩ አብዳለሁ።»

ሸሪፋ ተማሪዬ ነበረች። ከዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ተምሬ ብወጣም ደሴ የተመደብኩት ሥነ ዜጋ እንዳስተምር ነበር፤ እሷ ሳስተምራት አሥረኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን እጇን አወጣችና «መምህር፣ ሰው ጨረቃ ላይ መኖር ቢጀምር ረመዳን መግባቱን ምን አይቶ ነው የሚያውቀው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያ ጥያቄ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ከተጠየቅኋቸው የበለጠው እንደነበር የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ሰው ወደፊት ሲሄድ ምኑን ይዞ ነው የሚሄደው? የያዘው ነገር እዚያ ሲደርስ ምን ይሆናል? ጥያቄዋ ይኸው ነበር። እኔ ግን በሳቅ አሳለፍኩት፤ እሷም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካ ገባች።

ስሟን ልብ በሉልኝ። አባቷ ዳምጤ ገብረ ሥላሴ ደሴ አጠገብ ያለችው የገራዶ ሰው ነበር፤ በማርያም ቀን ሞፈር አይነካም። እናቷ አሚና ሰላቷ አያልፋትም። ሸሪፋ በሃይማኖት በእናቷ ወጣች፤ ወንድሟ በአባቱ። እኛ ዘንድ ይህ ወሬ ሆኖ አይወራም። ሰርግ ሲኖር ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ በእስላም ቢላ የታረደ፣ ሌላው በክርስቲያን። ሁሉም የየራሱን ይበላል፤ ከዚያ በአንድ ድንኳን ተቀምጦ ይጫወታል። ይህን የምጽፈው ልኮራበት አይደለም። ኑሮ ነው። ግን ለነገሬ ያስፈልገኛል።

ጦርነቱ ወደ ከተሞቻችን የገባበት ዓመት ፋብሪካው ለወራት ቆመ። ሸሪፋ ደሴ ቤቷ ተቀምጣ በደብተር መጻፍ ጀመረች። ፋብሪካው ሲከፈትም አላቆመችም፤ የሠራተኛው ሰርቪስ በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድና ሲወጣ ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ ትጽፋለች። መንገዱ ሲታጠፍ እጇ ስለሚሸሽ ፊደሏ ቁልቁል የሚንሸራተትባቸው መስመሮች አሉ። ሦስት ደብተር ሞላች። አንድ ቅዳሜ በፌስታል ይዛ ቤቴ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«አፊያ ነዎት ጋሼ? ይኼን ያንብቡልኝ። መጥፎ ከሆነ ወላሂ ምድጃ ውስጥ ነው የምጨምረው።»

ታሪኩ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ስለሚሆን ነገር ነው። «ቦሩ ሜዳ» የምትባል መርከብ ሦስት መቶ ስልሳ ሰው ይዛ ወደ ሌላ ፀሐይ ትጓዛለች። መንገዱ አንድ ትውልድ አይበቃውም፤ ሰው መርከቢቱ ላይ ተወልዶ መርከቢቱ ላይ ይሞታል። ካፒቴኗ ከድጃ ምንይሉ ትባላለች። ከድጃ የሸሪፋ አክስት ስም ነው፤ ምንይሉ ደግሞ ልጅ ሳለች ከውሻ ያስጣላት ጎረቤታቸው።

ውሃ እየተጣራ በተራ ይታደላል። አንድ ቀን በውሃ ተራ ጠብ ይነሳና አንዱ ሌላውን በብረት መትቶ ይገድለዋል። የመርከቢቱ ኮምፒውተር ሕጉን ያውቃል፤ ገዳዩ በበሩ ወደ ጨለማው ይጣል ይላል። ካፒቴን ከድጃ ግን ስክሪኑን ታጠፋለች። የሟችን ወገኖችና የገዳይን ወገኖች የጭነት ክፍሉ ወለል ላይ ጀርባና ጀርባ ታስቀምጣለች፤ መሐላቸው አንድ ሽማግሌ አበጋር ሆኖ ይመላለሳል፤ በዙሪያው ሌላው ሰው ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ያደርጋል። ስድስት ቀን ይፈጃል። በስድስተኛው ቀን የሟች እናት ዞር ብላ «አፉ ብያለሁ» ብላ ይቅር ትላለች።

ከእርቁ በኋላ ግብዣ አለ፤ እዚህ ላይ ሸሪፋ ያሳቀችኝን ያህል ማንም አላሳቀኝም። በመርከቢቱ ላይ ሥጋ የሚበቅለው በማሽን ነው። እንስሳ የለም፤ አይታረድም። ታዲያ ሁለት ድስት የሚጣደው ለምንድን ነው? ሽማግሌዎቹ በዚህ ጉዳይ ሦስት ገጽ ሙሉ ይከራከራሉ። አንዱ «ቢላ ካልነካው የማንም ነው» ይላል፤ ሌላው «የማንም ከሆነ ማን ባርኮት እንብላው?» ይላል። በመጨረሻ በማሽኑ ሁለት ቁልፍ ይገጠማል፤ አንዱን ቢስሚላህ የሚል ሰው ይጫነዋል፣ ሌላውን በስመ አብ የሚል። እነሆ ድስቱ ሁለት ሆነ።

አንብቤ ስጨርስ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ። ስለ መጪው ዘመን ብዙ አንብቤያለሁ፤ አብዛኛው ላይ እንደ እኔ ያለ ሰው የለም። እዚያ ለመግባት አስቀድሞ ስምን፣ ጾምን፣ የአያትን ፍርድ በር ላይ አስረክቦ መግባት ግድ ይመስላል። ይህች የጨርቅ መርማሪ ግን ማንንም ሳታስፈቅድ ሁሉንም ይዛ ገብታለች።

እኔ ምን አደረግኩ? በኮምፒውተር እየጻፍኩላት ሳለ አሥራ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ጨመርኩበት። «ወዳጃ፦ በወሎ ሰዎች ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉበት ባህላዊ ሥርዓት።» «አበጋር፦ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ሽማግሌ።» ሥራዬን አሳምሬ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ገጽ በገጽ አየችና ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈች።

«ይኼን እኔ አልጻፍኩም።»

«ላልገባው ሰው ነው እንጂ» አልኳት።

«የመርከቢቱን ሞተር ግን አላብራሩም።»

«ሞተሩን?»

«በብርሃን ግፊት የሚሄድ ሞተር ጽፌያለሁ እኮ። አንባቢው ያ ገብቶት፣ ዱዓ ነው ያልገባው? ጋሼ፣ እንዴት ያለ አንባቢ ነው ያገኙልኝ?»

አሥራ አንዱንም አወጣሁ። የራሴን ቤት እንደ ሙዚየም ሳስጎበኝ የተያዝኩ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ ስለ መጪዋ ኢትዮጵያ የሚተርኩ ታሪኮችን እየሰበሰበ መሆኑን በቴሌግራም አየሁ። ላክነው። ከታሪኩ ጋር የሚሞላ ቅጽ ነበረው፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ «ታሪኩ የሚወክለው ብሔር ወይም ብሔረሰብ» ይላል። አንድ ሳጥን፣ ለአንድ መልስ።

«ምን ልበል?» አልኳት።

«ወሎ ይበሉ።»

«ወሎ አገር እንጂ ብሔረሰብ አይደለም ይሉናል።»

«የት አገር እንደሆንን ይወቁ እንጂ ከዚያ ሌላ ምን ይሠራላቸዋል? ወሎ ይበሉ።»

ወሎ አልኩ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ሸሪፋ ቤቴ ሳለች ስልኬ ጮኸ፤ የአሳታሚው አርታኢ ናት። ስሟ ሊዲ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከመቶ አርባ ታሪኮች ከተመረጡት አሥሩ ውስጥ የሸሪፋ አንዱ መሆኑን ነገረችን። ሸሪፋ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ያን ቀን ግን ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ የነበረችውን ልጅ አየሁ።

«ሸሪፋዬ፣ በጣም ነው የወደድነው» አለች ሊዲ። «ጥቃቅን ማስተካከያዎች ብቻ አሉ። የመጀመሪያው የካፒቴኗ ስም ነው። ካፒቴኗ ሙስሊም ናት ክርስቲያን?»

«ሙስሊም ናት።»

«አባቷ ግን ምንይሉ ነው።»

«አዎ፣ ምንይሉ ነው።»

«አንባቢው ይደናገራል። ስህተት ይመስለዋል። ወይ ከድጃ አህመድ ትሁን፣ ወይ ሄለን ምንይሉ።»

ሸሪፋ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«እህቴ፣ የኔን ስም ምን ብላችሁ ነው የምታትሙት?»

«ሸሪፋ ዳምጤ።»

«አባቴ ገብረ ሥላሴ የሚባል አባት አለው። እኔም ስህተት ነኝ?»

«ያንቺ እውነተኛ ስም ነዋ» አለች ሊዲ ሳቅ ብላ። «ልብ ወለድ ላይ ግን አያሳምንም።»

ቀጠለች። እርቁ ይቀነስ አለች፤ ስድስት ቀን ሽማግሌ መቀመጥ ወደ ኋላ የሚጎትት ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢፈርድ ታሪኩ ይበልጥ ሳይንሳዊ ይሆናል። የሁለቱ ድስት ነገር ደግሞ ረዝሟል፤ ይውጣ። ባህሉ ግን እንዳይጠፋ ለካፒቴኗ ጥሩ የባህል ልብስ እናልብሳት፤ ሠዓሊው ጀምሮታል።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «ልጄ፣ አንቺ የየት ልጅ ነሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እኔም እኮ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ!» አለች፣ በእውነት ደስ ብሏት። «ሁሉንም አውቀዋለሁ። አያቴ ራሳቸው ወዳጃ ይቀመጡ ነበር፤ እናቴ ጌታን ከተቀበለች በኋላ ነው እኛ ቤት የቀረው። እኔ አውቃለሁ፣ አንባቢው ግን አያውቅም።»

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ልጽፈው ይከብደኛል። ባታውቀው ኖሮ ባስረዳኋት። የምታውቅ ልጅ፣ ማንነቱን ለማናውቀው አንድ አንባቢ ብላ የአያቷን ምንጣፍ ትጠቀልላለች። ያ አንባቢ ማን ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ስሙን ስሰማ ኖሬ ፊቱን አይቼው አላውቅም። እኔም ለእሱ ብዬ አሥራ አንድ ማስታወሻ ጽፌለት ነበር።

ሊዲ እስከ ሐሙስ መልስ እንደምትጠብቅ ነግራን ስልኩ ተዘጋ።

«ምን ይመክሩኛል?» አለች ሸሪፋ።

«አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እንዲታተም ነዋ! ስሜ ያለበትን መጽሐፍ ይዤ አንድ ቀን ብቻ ሰርቪስ ላይ መውጣት እፈልጋለሁ። ሰይድ የሚባለው ሹፌራችን ሁልጊዜ፣ ሸሪፋ ለመንግሥት ነው ወይስ ለጅን የምትጽፊው እያለ ያላግጥብኛል። ከፊቱ ዘርግቼ ማንበብ ነው የምፈልገው።»

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ተቀበይ አልኳት። መጀመሪያ በሩን ግቢ፣ ሌላውን በሁለተኛው መጽሐፍ ትጽፊዋለሽ አልኳት። ሽማግሌ ነኝ፤ ፍልስፍና ተምሬያለሁ፤ ያገኘሁላት ምክር ግን ይህ ነበር። 

«እርስዎም?» አለች።  ደብተሮቿን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሄደች።

ረቡዕ የሽፋኑ ሥዕል በቴሌግራም መጣ፤ ለሸሪፋ አስተላለፍኩላት። ካፒቴኗ ባለጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ አንገቷ ድረስ ብር አጥልቃ፣ በመስኮቱ ከዋክብት እያየች ቆማለች። በጀርባዋ እንስራ አዝላለች።

ወዲያው ደወለች፤ ከጀርባዋ የፋብሪካው ማሽን ይጮሃል። «ጋሼ! እንስራውን አዩት?»

«አየሁት።»

«ሦስት መቶ ስልሳ ሰው የምትነዳ ሴት እንስራ ታዝላለች? መርከቢቱ ቧንቧ የላትም እንዴ? ክብደት በሌለበት ውሃው ራሱ ተንሳፍፎ አይወጣም?» ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ቀጥ አለ። «እኔ አንድም ቦታ ላይ ምን እንደለበሰች አልጻፍኩም። ምን እንደፈረደች ነው የጻፍኩት። እሱን አውጥተው ልብስ ሰጡኝ።»

ሐሙስ ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጣች። ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረባት። ለሊዲ ደወልንላት።

«እሺ፣ አስተካክሉት» አለች ሸሪፋ። እኔ ደነገጥኩ። «ስሟን ለውጡ፣ እርቁን አውጡ፣ እንስራውንም አሸክሟት። ግን ከርዕሱ ሥር ሁለተኛ ደረጃ ብላችሁ ጻፉበት።»

ሊዲ ሳቀች። «ምን ማለት ነው?»

«እኛ ጋ እንከን ያለበት ጨርቅ አይጣልም፤ ይሸጣል። ግን የሚገዛው ሰው እንዲያውቅ ይለጠፍበታል። ሁለተኛውን አንደኛ ብሎ የለጠፈ መርማሪ ከሥራ ይባረራል። በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ጥቅል እንደዚያ አሳልፌ አላውቅም።»

 የሊዲ ድምፅ ተቀየረ፤ ያ የቢሮ ድምፅ ቀርቶ የሰፈር ሆነ። «እትዬ ሸሪፋ፣ የእርቁን ቦታ ሳነብ አልቅሻለሁ፤ እውነቴን ነው። ግን አይሸጥም። ለገንዘብ ሰጪዎቹ ቃል የገባነው እያንዳንዱ ታሪክ አንድ ብሔረሰብ እንዲወክል ነው፤ ያንቺን በየትኛው እንደማስገባው አላውቅም። ሁለተኛ ደረጃ የሚል ነገርማ በሽፋን ላይ ማን ይፈቅድልኛል?»

«እንግዲያው እኔም አንደኛ ነው ብዬ አልፈርምም።»

«ትወጫለሽ ማለት ነው።»

«ልውጣ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሸሪፋ ተነሥታ ቆመች። «ከይር ነው፣ ለበጎ ነው» አልኳት። «ከይርስ አይደለም» አለችኝ። «በጣም ፈልጌው ነበር።»

መጽሐፉ ከአምስት ወር በኋላ ወጣ። ደሴ ፒያሳ ካለው መጽሐፍ መደብር ገዛሁና በአንድ ከሰዓት አነበብኩት። በሸሪፋ ቦታ ሌላ ታሪክ ገብቷል። ጸሐፊዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ችሎታ የሌላቸው አይደሉም። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሮቦት አለ፣ በራሪ ታክሲ አለ፣ ማርስ ላይ የተገነባ ከተማ አለ። በአሥሩም ታሪክ ውስጥ ግን አንድ ሰው አይሰግድም፣ አይጾምም፤ ልጁን በአያቱ ስም የሚጠራ የለም። በአንዱ መርከብ ላይ ሙዚየም አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ የየብሔረሰቡ ልብስ ተሰቅሎ ይታያል፤ ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው አንድ ዓይነት ብርማ ቱታ ለብሰው ያልፋሉ። ወሎም አልቀረችም፤ በሰባተኛው ታሪክ ውስጥ አንዲት የወሎ ልጅ አለች። ቆንጆ ናት፤ ትዘፍናለች። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ አላገኘችም።

ልብሳችንን ወሰዱልን፣ ፍርዳችንን ተዉት። ሰው የሚለበስና የሚዘፈን ነገር ብቻ ያለው ይመስል። ይህን ብዬ ለሊዲ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አልላክሁትም። ስልክ በተደወለልን ቀን ይህን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

መጽሐፉን ይዤ በማግስቱ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የፈረቃ መቀየሪያ ሰዓት ስለነበር በሩ ላይ ሠራተኛው ይጋፋል። ሸሪፋ አየችኝና ከጓደኞቿ ተለይታ መጣች። እጄ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ገብቷታል፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

«አነበቡት?»

«አነበብኩት።»

«ይጣላሉ?»

«እነማን?»

«ሰዎቹ። ታሪኩ ላይ ያሉት። እርስ በርሳቸው ይጣላሉ?»

አሰብ አድርጌ «አዎ፣ በአብዛኛው ይጣላሉ» አልኳት።

«ማን አስታረቃቸው?»

«ማንም። በአንዱ ማሽኑ ፈረደ። በሁለቱ ተታኩሰው አለቁ። በሌላው ከተማዋ ለሁለት ተከፈለችና በመሐል ግንብ ሠሩ።»

ሸሪፋ ቀና ብላ አየችኝ። ጦርነቱ በገባበት ዓመት ሁለታችንም እዚሁ ወሎ ነበርን፤ ከዚህ በር ውስጥ ምን እንደቀረና ምን እንደተወሰደ ሁለታችንም አይተናል።

«ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ» አለች፣ «አንድ ሽማግሌ አጡ?»

ሰይድ ከሰርቪሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሸሪፋ! ጅኖቹ ይቆዩ፣ ጥለንሽ ልንሄድ ነው!» ብሎ ጮኸ። እጇን አነሳችለት።

«ደብተሮቼን ይላኩልኝ ጋሼ» አለችኝ።

«ልትቀጥዪው ነው?»

«እንጃ። እርስዎ ጋ እንዲቀመጡ ግን አልፈልግም።»

ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም እጄን ጨብጣ፣ ለሚያመኝ ጉልበቴ አብሽሩ፣ አይዞዎት ብላኝ ነው የተለየችኝ። ሰርቪሱ ላይ ወጥታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ሰርቪሱ ወደ ሐረጎ ዞረ። ለእሷ ብዬ የገዛሁት መጽሐፍ እጄ ላይ እንዳለ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ መጠበቅ ጀመርኩ።